«ባሪያ ወይም ጨዋ ሰው የለም»፦ የአንባቢያን ጥያቄና መልስ

በዚህ ወር ከደረሱን ደብዳቤዎች የሚበዙት ስለ አንድ ጉዳይ ናቸው፦ ስለ ዘር፣ ስለ መልክና ስለ «አጥንት»። ንቀት «እኔ ንቀት ነኝ» ብሎ አይመጣም። የሃይማኖት ልዩነት ነኝ ይላል፤ የሰባት ቤት ቆጠራ ነኝ ይላል፤ ለደካሞች ማሰብ ነኝ ይላል። ስለዚህ በየመልሱ የቤተ ክርስቲያን ሥርዓት የት ላይ እንደሚያበቃ፣ ሌላው ነገር ከየት እንደሚጀምር ለይተን ለማሳየት ሞክረናል። ርእሱ ከገላትያ 3፥28 የተወሰደ ነው። የአማርኛው መጽሐፍ ቅዱስ እዚያ ላይ የተጠቀመው «ባሪያ» እና «ጨዋ» የሚሉትን ቃላት ነው፤ በየቤታችን የሰው አጥንት የሚቆጠረውም በእነዚሁ ቃላት ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ ነርስ ናት፤ ከሕፃንነቷ ጀምሮ በሰንበት ትምህርት ቤት ያደገች። ሊያገባት የጠየቃት ጥቁር አሜሪካዊ ነው፤ ባፕቲስት ሆኖ ያደገ፣ ፈሪሃ እግዚአብሔር ያለው ልጅ። ታላቅ ወንድሜ ሁለት ሽማግሌዎች ይዞ ቤቴ መጣና «የሃይማኖት ልዩነት ስላለ አይሆንም» አሉኝ። እኔም አምኜ ተቆጣኋት። እሷ ግን «እማዬ፣ ነጭ ካቶሊክ ባመጣ ኖሮ ሽማግሌ ይሰበሰብብኝ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። መልስ አጣሁ። (እናት፣ ከሲልቨር ስፕሪንግ፣ ሜሪላንድ)

መልስ፦ እኅታችን፣ ልጅዎ የጠየቀችው ጥያቄ ትክክለኛው ጥያቄ ነው። መልሱንም እርስዎ ሳያውቁት አይቀሩም፤ ዝም ያሰኘዎት እሱ ይመስለናል።

በመጀመሪያ ለሽማግሌዎቹ የሚገባቸውን እንስጣቸው። የሃይማኖት ልዩነት እውነተኛ እንቅፋት ነው። በኢትዮጵያ ኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት ጋብቻ የሚፈጸመው በቅዱስ ቁርባን ስለሆነ ሁለቱም ተጋቢዎች የቤተ ክርስቲያኒቱ ልጆች መሆን አለባቸው። ከዚህ ሌላ የሚከለክሉት የሥጋ ዝምድና፣ የጋብቻ ዝምድናና በክርስትና ልጅነት የሚመጣ ዝምድና ናቸው፤ ሌላ ጋብቻ ያለበትም ሰው አይቀርብም። የቆዳ ቀለም፣ የትውልድ አገር፣ የአባት የእጅ ሥራ ከእነዚህ ውስጥ የለም።

የሃይማኖት እንቅፋት አንድ ምልክት አለው፦ መውጫ አለው። ሰውየው ተምሮ ሲጠመቅ እንቅፋቱ ይነሣል። ከተጠመቀም በኋላ የማይነሣ እንቅፋት የሃይማኖት አልነበረም። ስለዚህ ወንድምዎንና ሽማግሌዎቹን ቡና አፍልተው ይጥሩና ሦስት ነገር ይጠይቋቸው። አንደኛ፣ «ልጁ ተምሮ ቢጠመቅ ሠርጉ ላይ ትገኛላችሁ?» «እንዲያ ከሆነማ ደስታችን ነው» ካሉ ጭንቀታቸው የእምነት ነው፤ አብረው ይሥሩ። «እሱስ ቢጠመቅም…» ብለው ዐረፍተ ነገሩን ከቆረጡት ተቆርጦ የቀረውን እርስዎ ያውቁታል። ሁለተኛ፣ «ከዘመዶቻችን ከሌላ እምነት ያገባ የለም? ያኔስ ምን አላችሁ?» ሦስተኛውን ባይጠይቁትም ያዳምጡት፦ ልጁ በሌለበት በስሙ ይጠሩታል ወይስ «ጥቁሩ» ይሉታል?

የሰባት ቤት ቆጠራም መነሣቱ አይቀርም። ቆጠራው የሚመልሰው ጥያቄ አንድ ብቻ ነው፦ ሁለቱ ዘመዳሞች ናቸው ወይስ አይደሉም? ሰባት ትውልድ ወደ ኋላ ተሂዶ የጋራ አያት ካልተገኘ ሥራው አልቋል። ቆጣሪው «ቅድመ አያቱ የማን ሎሌ ነበሩ?» ማለት ሲጀምር ሥርዓቱን ትቶ ሌላ ሥራ ይዟል። አገር ቤትም ብዙ ጋብቻ የፈረሰው በዚሁ መንገድ ነው፤ ዘመድነትን ለመለየት የወጣው ሥርዓት «ባሪያ ዘር» ፍለጋ ሆኖ። በሕግ ደረጃ ባርነት በነሐሴ 1934 ዓ.ም. በዐዋጅ ተሽሯል። ቆጠራው ግን እስከ ዛሬ አልተሻረም።

ልጁ በፈቃዱ መማር ከፈለገ፣ ነገሩ የሚበላሽበትን ቦታ አስቀድመን እንንገርዎ፤ ብዙ ጊዜ የሚያበላሸው ጥድፊያ ነውና። አዳራሽ ተይዞ፣ ጥሪ ታትሞ፣ ሠርጉ ሦስት ሳምንት ሲቀረው ካህን ይለመናል፤ ልጁ በአንድ ቅዳሜ ይጠመቃል። ጥምቀቱ ለእሱ እንደ ማኅተም ሆኖበት ይቀራል፣ ከሠርጉ በኋላ አይመጣም፣ ያን ጊዜም አጎቶች «ድሮም ብለን ነበር» ይላሉ። ስለዚህ ቀን ከመቆረጡ በፊት አስተዳዳሪውን ያነጋግሩ። በእንግሊዝኛ የሚያስተምር ካህን ወይም ዲያቆን ይጠይቁ። የትምህርቱ ርዝመት ከደብር ደብር ስለሚለያይ ስንት ወር እንደሆነ በግልጽ ይወቁ። ባፕቲስት ሆኖ ላደገ ሰው ጊዜ የሚፈልጉት ምሥጢረ ቁርባን፣ ንስሐ፣ የእመቤታችንና የቅዱሳን አማላጅነት፣ ጾም ናቸው፤ መጽሐፍ ቅዱሱን ምናልባት ከብዙዎቻችን የተሻለ ያውቀው ይሆናል። የክርስትና አባቱም ስም ለማስመዝገብ ብቻ የተገኘ ሰው አይሁን፤ ወደፊት ስልክ የሚደውልለት ይሁን።

አንድ ትንሽ የምትመስል ነገር አለች። ልጁ ቅዳሴ ሲመጣ ወንዶች በግራ፣ ሴቶች በቀኝ ስለሚቆሙ ከልጅዎ ይለያል። ቋንቋውን የማያውቅ ብቸኛ ጥቁር አሜሪካዊ ሆኖ፣ ጫማውን አውልቆ፣ ሁለትና ሦስት ሰዓት በማያውቃቸው ሰዎች መካከል ይቆማል። መቼ መስገድ፣ መቼ መቀመጥ እንዳለበት የሚጠቁመው አንድ የዕድሜ እኩያ ከጎኑ ይቁምለት። ወንድምዎ ቢሆኑ ደግሞ ምንኛ ጥሩ ነበር!

የልጁን እናትም አይርሱ። እሷም ልጇን «ይቀበሉት ይሆን?» ብላ ትጨነቃለች። ሽማግሌ መላክ ምን ማለት እንደሆነ አስረዷት፤ የእሷም ወገን አክብሮ የሚልከው ሰው አለው። ቤት ስትመጣ ደግሞ በአማርኛ ስለ እሷ አይወራ። ከእኛ ሰዎች ጋር በአንድ ሆስፒታል ወይም ጋራዥ የሠሩ ጥቁር አሜሪካውያን «ባሪያ» የሚለውን ቃል ሊያውቁት ይችላሉ።

ጥያቄ፦ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህር ነኝ። አንድ ተማሪ «ጥቁሮች የካም እርግማን ስላለባቸው ነው ባሪያ የሆኑት» አለ፤ ሌሎቹም አጨበጨቡለት። ገላትያ 3፥28ን ጠቀስኩላቸው፤ ምንም አልተለወጠም። (ከደብረ ብርሃን)

መልስ፦ የጠቀሱት ጥቅስ ትክክል ነው፤ ነገር ግን ተማሪው ታሪክ ይዞ መጥቶ እርስዎ ትእዛዝ ሰጡት። ታሪክን የሚነቅለው ታሪኩን ራሱን ማንበብ ነው። ጥቅሱን ለመጨረሻ ያቆዩትና ዘፍጥረት 9፥20–27ን ያው ተማሪ ድምፁን ከፍ አድርጎ ያንብበው። 25ኛው ቁጥር ላይ ያስቁሙትና «የተረገመው ማን ነው?» ይበሉት። «ከነዓን ርጉም ይሁን» ነው የሚለው፤ ካም አልተባለም። ቀጥሎ ዘፍጥረት 10፥6፦ የካም ልጆች ኩሽ፣ ምጽራይም፣ ፉጥና ከነዓን ናቸው። ኩሽ ሌላ፣ ከነዓን ሌላ። ከዚያ 10፥15–19፦ የከነዓናውያን ወሰን ከሲዶና እስከ ጋዛ ነው። ካርታ ካለ በጣታቸው ያሳዩ። በመጨረሻም «ስለ ቆዳ ቀለም የሚናገር ቃል ፈልጉ» ይበሏቸውና ይጠብቁ። የለም።

«ኢትዮጵያዊ መልኩን ወይስ ነብር ዝንጕርጕርነቱን ይለውጥ ዘንድ ይችላልን?» የሚለውን (ኤርምያስ 13፥23) የሚያነሣ ይኖራል። እዚያ የተወቀሰው ክፋትን የለመደ ልብ ነው፤ መልኩ ጥፋት ከሆነ የነብሩ ዝንጕርጕርነትም ጥፋት ሊሆን ነው። አሞጽ 9፥7ን አጠገቡ ያንብቡት፤ «የእስራኤል ልጆች ሆይ፥ እናንተ ለእኔ እንደ ኢትዮጵያ ልጆች አይደላችሁምን?» ይላል።

ይህ የካም ተረት በ19ኛው መቶ ዓመት በአሜሪካ ባሪያ አሳዳሪዎች ስብከት ውስጥ ትልቅ ቦታ ነበረው። እ.ኤ.አ. በ1845 የደቡብ ባፕቲስቶች ከሰሜኖቹ የተለዩት ባሪያ ያለው ሰው ሚስዮናዊ መሆን ይችላል ወይስ አይችልም በሚል ክርክር ነው። ጉባኤያቸው በይፋ ይቅርታ የጠየቀው በ1995 ሲሆን በመካከሉ 150 ዓመት አልፏል። መጽሐፋችን ብዙ ቦታ ኩሽን «ኢትዮጵያ» ብሎ የሚተረጕም ሆኖ ሳለ፣ ኢትዮጵያዊ ልጅ ይህን ተረት ተቀብሎ በራሱ ላይ ሲያጨበጭብ ማየት ልብ ይሰብራል።

ጥያቄ፦ የመድኃኔ ዓለም የጽዋ ማኅበራችን ሙሴ (መሪ) ነኝ። ወላጆቿ ሸክላ ሠሪ የሆኑ እኅት ልግባ ብላ ጠየቀች። ሦስት አባላት «ቡዳ ናት፣ ከእጇ አንጠጣም፤ ከገባች እንወጣለን» አሉ። አንዳንዶች ደግሞ «አባል ትሁን፤ ግን ተራዋ ሲደርስ ከምታዘጋጅ ገንዘብ ትክፈል» ብለው መላ አምጥተዋል። ለሰላም ሲባል ይህን ብቀበል ኃጢአት ነው? (ከሰሜን ሸዋ)

መልስ፦ ወንድማችን፣ አይቀበሉት። የሦስቱ መውጣት ቢጎዳም ማኅበሩን አያፈርሰውም፤ ይህ መላ ግን ያፈርሰዋል።

እንዲህ ያለ መላ ወዴት እንደሚያደርስ በደቡብ አፍሪካ ታይቷል። እ.ኤ.አ. በ1857 የዚያ አገር የደች ተሐድሶ ቤተ ክርስቲያን ሲኖዶስ ነጩና ጥቁሩ በአንድነት ማምለኩ መጽሐፍ ቅዱሳዊ መሆኑን መሰከረ፤ ነገር ግን «በአንዳንዶች ድካም ምክንያት» ይህ በማይቻልበት ቦታ በተለየ ሕንፃ ማምለክ እንዲፈቀድ ወሰነ። ለጥቂት ደካሞች የተሰጠች ፈቃድ ነበረች። እ.ኤ.አ. በ1881 ለክልሶቹ የተለየች ቤተ ክርስቲያን ቆመች፤ ከ1948 በኋላ ልዩነቱ የመንግሥት ሕግ ሲሆን ብዙ ሰባኪዎች በመጽሐፍ ቅዱስ ደገፉት። በ1982 ኦታዋ ላይ የተሰበሰበው የዓለም የተሐድሶ አብያተ ክርስቲያናት ኅብረት አፓርታይድን መደገፍ ኑፋቄ ነው ብሎ የዚያችን ቤተ ክርስቲያን አባልነት አገደ። ከዚያች ፈቃድ እስከዚህ ውሳኔ 125 ዓመት ሆኗል።

ቅዱስ ጴጥሮስም በአንጾኪያ የተወቀሰው (ገላትያ 2፥11–14) ሐሰት ስላስተማረ አልነበረም። ከአሕዛብ ጋር ይበላ ነበር፤ ሰዎች ሲመጡ ፈርቶ ከማዕዱ ተለየ። ጳውሎስ በሁሉም ፊት ተቃወመው። እርስዎም የተጠየቁት ይኸው ነው፤ ሰው ፈርተው ማዕድ እንዲለዩ።

አሁን ወደ አሠራሩ። መጀመሪያ፣ መግባቷን ለድምፅ አያቅርቡ፤ እጅ የሚወጣበት ከሆነ እሷ ተከሳሽ ትሆናለች፣ የተቀበሏት እንኳ ውለታ የዋሉላት ይመስላቸዋል። የመግቢያው መስፈርት ለሁሉም የነበረው ይሁን፦ የተጠመቀች ናት? የንስሐ አባት አላት? መዋጮውን ትችላለች? መተዳደሪያ ደንባችሁ የተጻፈ ካልሆነ ዛሬ ይጻፍ፤ «የአባት ሥራና ዘር አይጠየቅም» የሚል መስመር ይግባበት። ሦስቱን ሰዎች በጉባኤ ፊት አይገሥጿቸው፤ ሰው በአደባባይ የተናገረውን በአደባባይ መመለስ ይከብደዋል። ከማኅበሩ ካህን ጋር ሆነው በየቤታቸው ይሂዱ። ተራ ሲወጣ በዕጣ ይውጣ፤ እሷ ሆን ተብሎ ወደ መጨረሻ እንዳትገፋ። የእሷ ቀን ሲደርስ ካህኑ ባርከው ከጠላዋም ከዳቦዋም አስቀድመው ይቅመሱ፤ ቀጥሎ እርስዎ፤ ከዚያ ጽዋው እንደ ወትሮው በአቀማመጥ ይዙር። ለእሷ የተለየ ብርጭቆ አይቅረብ። «ንጽሕና» ተብሎ ከቀረበ ለሁሉም የየራሱ ይቅረብ፣ አለዚያ ለማንም።

ስለ ቡዳው ደግሞ ለሦስቱ ሰዎች በቀስታ ይህን ይንገሯቸው። ሕፃን ሆዱን ሲያመው፣ ሲከሳ፣ ሲያስመልሰው መጀመሪያ ሕመሙ ይመጣል፤ «ማን አየው?» የሚባለው ከዚያ በኋላ ነው፤ የሚታሰበውም ሁልጊዜ ያው ሰው ነው። ሳምንቱን ሙሉ ሃምሳ ሰው አይቶት እንደነበር ማንም አይቆጥርም። ልጁን ጤና ጣቢያ ይውሰዱት፤ ጠበሉም አይቀርበት። ብዙ ቦታ ሸክላ ሠሪው፣ ፋቂውና አንጥረኛው ርስት እንዳይኖራቸው ተከልክለው ስለነበር በእጅ ሥራ መኖራቸው ግድ ነበር፤ በኋላ ያው ሥራ መሰደቢያ ሆነባቸው።

ሦስቱም ሰዎች ዛሬ ጠዋት የበሉትን እንጀራ የጋገረው ምጣድ የማን እጅ ሥራ ነው? አፈሩን ከወንዝ ዳር ተሸክማ፣ ፈጭታ፣ ነፍታ፣ በእጇ አቡክታ፣ በጥላ አድርቃ፣ በጭድና በኩበት የተኮሰች ሴት ናት። ገዢዋ በጎመን ዘር አሟሽታ እንጀራ ጋገረችበት። ጀበናውም፣ ጋኑም፣ ድስቱም እንዲሁ። ከእጇ የወጣው ዕቃ አፋችን ድረስ እየገባ እጇን መጨበጥ የሚያስፈራን ከየት የመጣ ሃይማኖት ነው?

አፄ ምኒልክ እንኳ በ1900 ዓ.ም. ባወጡት ዐዋጅ ብረት ሠሪውን፣ ሸማኔውን፣ ሌላውንም ባለ እጅ በሥራው የሚሰድብ ሰው የሰደበው እሳቸውን እንደሆነ አስነግረው ነበር። ዐዋጁ አልበቃም፤ ማዕዱ አልተለወጠምና። ማዕዱ ደግሞ አሁን በእርስዎ እጅ ነው። የማኅበር መሪ «ሙሴ» መባሉንም ያስቡት። ሙሴ ኢትዮጵያይቱን ስላገባ እኅቱ ማርያምና አሮን አሙት (ዘኍልቍ 12)። ለምጻም ሆና ሰባት ቀን ከሰፈር የወጣችው አሚዋ ናት፤ ኢትዮጵያይቱ አልወጣችም። ሙሴም ለአሚዋ «አቤቱ፣ ፈውሳት» ብሎ ጸለየ። ሦስቱ ከወጡም በር አይዝጉባቸው፤ ወንበራቸውን ያቆዩላቸው።

ጥያቄ፦ አንዲት ጥቁር አሜሪካዊት ሁለት እሑድ ቤተ ክርስቲያናችን መጣች። በር ላይ የቆመው ሰው «ቦታ ተሳስተሽ ነው?» አላት። ባለፈው ዓመት ካሜራ የያዘ ነጭ እንግዳ ሲመጣ ግን ፊት ተወስዶ ተቀምጦ ነበር። ሽማግሌዎቹ «ቋንቋው ስለማይገባት አስበንላት ነው» ይላሉ። (ወጣት፣ ከሲያትል)

መልስ፦ በአማርኛና በግእዝ መቀደስ ኃጢአት አይደለም። ነጩም አማርኛ አያውቅም ነበር፤ እሱ ግን ተቀመጠ። ያዕቆብ 2፥1–4 ይህንኑ ይዘረዝራል፦ ባለ ወርቅ ቀለበቱን «በዚህ በመልካም ስፍራ ተቀመጥ»፣ ድኻውን «ወደዚያ ቁም»።

ሽማግሌዎቹ ስለ ኒው ዮርኩ የአቢሲንያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ቢሰሙ እንወዳለን። እ.ኤ.አ. በ1808 የተመሠረተው፣ ቤተ ክርስቲያኑ ራሱ እንደሚተርከው፣ ጥቁሮች ተለይተው እንዲቀመጡ በሚያደርግ የነጮች ቤተ ክርስቲያን መቀመጥን እምቢ ባሉ ጥቁር አሜሪካውያንና ኢትዮጵያውያን ነጋዴዎች ነው። ስሙም ከዚያ እንደመጣ ይተርካል። አንድ ጊዜ አብረውን ከተገፉበት ወንበር የተነሡ ሰዎች ልጆች ናቸው ዛሬ በራችን ላይ የሚቆሙት።

በተግባር፦ በየእሑዱ አንድ ወንድና አንዲት ሴት ተቀባይ በስም ይመደቡ፤ «ሁላችንም እንቀበላለን» ከተባለ ማንም አይቀበልም። የመጀመሪያው ቃል «እንኳን ደህና መጡ» ነው፤ ጥያቄ አይደለም። ጫማ የት እንደሚቀመጥ፣ ሴቶች የት እንደሚቆሙ፣ ቅዳሴው ስንት ሰዓት እንደሚቆይ፣ መቀመጥም ነውር እንዳልሆነ ይነገራት። ነጠላ የሚዋስ ሁለት ሦስት ይኑር። ሥጋ ወደሙ ለተጠመቁና ለተዘጋጁ ብቻ መሆኑ ቅዳሴው ሳይጀመር ይነገራት፤ መጨረሻ ላይ ተሰልፋ ስትመለስ ከማፈር ያድናታል። የቅዳሴው እንግሊዝኛ በወረቀት ወይም በስክሪን ይቅረብ፤ ስብከቱን አንድ ወጣት በአምስት ደቂቃ ያጠቃልልላት። ጸበል ጻዲቁ ላይ ብቻዋን ቆማ እንዳትቀር።

በር ላይ የቆመውን ሰው ግን አታባርሩት። ምን እንዳለ ንገሩትና በሚቀጥለው ሳምንት እሱ ራሱ ይቀበላት።

ጥያቄ፦ በንዴት የቤት ሠራተኛዬን «ባሪያ» ብዬ ሰደብኳት። ልጆቼ ነበሩ። ለንስሐ አባቴ መናገር ይበቃል? (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ አይበቃም። ማቴዎስ 5፥23–24 መባህን በመሠዊያው ፊት ተው፣ አስቀድመህ ከወንድምህ ታረቅ ይላል፤ ቅደም ተከተሉ ይህ ነው። ለካህኑም «ተሳደብኩ» ብለው አይለፉት። ቃሉን፣ ለማን እንደተባለና በማን ፊት እንደሆነ ይናገሩ፤ «ተሳደብኩ» ሲባል ካህኑ ተራ ንዴት ይመስላቸዋል።

እሷን ሲያነጋግሩ ተቀመጪ ይበሏትና «እንዲህ ብዬሻለሁ፤ ውሸት ነው፤ በደልኩሽ፤ ይቅር በይኝ» ይበሉ። «ግን አንቺም…» አይጨመርበት። ያን ቀን ልብስ ወይም ገንዘብ አይስጧት፤ ይቅርታ የገዙ ይመስላል። ደመወዝ የሚያድር ከሆነ ግን የሚገባትን ያን ቀን ይክፈሏት። እንድታጽናናዎትም አይጠብቁ፤ ዝም ብትል ዝም ትበል። እሄዳለሁ ብትልም ሒሳቧን አሟልተው፣ ስለ ሥራዋ እውነቱን የሚመሰክር ወረቀት ጽፈው ይሸኟት። ልጆቹ ስድቡን ሰምተዋልና ይቅርታውንም ይስሙ፤ እነሱ በተቀመጡበት፣ በዚያው ክፍል ያድርጉት።